ባለቤቱን ጠይቁ

«ሮዳሴ፣ እኔ የሠራሁትን ፕሮግራም ‹የእርስዎ አይደለም› እያሉኝ ነው። እስቲ አንቺ ንገሪያቸው፤ ስልኩን ልስጣቸው» አሉ ኦቦ ኢተፋ።

ሮዳስ ከወንበሯ ብድግ አለች። ቦሌ ባለው ቢሮ ሰው ሁሉ በየኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሯል። ማንም አላያትም፤ እሷ ግን ሁሉም የሰማባት መሰላት።

«የት ሆነው ነው ኦቦ?»

«ሰበታ፣ ጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ። ወይዘሮ የሺወርቅ የሚባሉ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ቢሮ ተቀምጫለሁ። ዳባን አስረውብኛል እኮ! የእህቴን ልጅ! ዛሬ አራት ቀኑ። ምን አደረገ ስላቸው፣ ስሙ ከሚፈለግ ሰው ስም ጋር ገጠመ አሉኝ። ማን አገጠመው ስል፣ ሶፍትዌሩ አሉኝ። እስቲ አሳዩኝ አልኩ። ሳየው የራሴ ነው! የኔ ፕሮግራም ደግሞ ሳይጠይቅ በሰው ላይ አይፈርድም። ይህን ብላቸው ሳቁብኝ። በይ፣ አናግሪያቸው...»

«ኦቦ? ኦቦ፣ ይቆራረጣል... አይሰማም...»

ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። የሴትዮዋ ወንበር ሲንቋቋ እንኳ ይሰማ ነበር። ሮዳስ ስልኩን ዘጋችው። ሰው ሲዋሽ መጀመሪያ የሚያሳብበው በኔትወርክ ነው፤ ኔትወርክ አፍ የለውም፣ ቆሞ አይከራከር። በዚያ ላይ ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው። አስቸኳይ ጊዜ ታውጇል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰነባብቷል። ለሰሚ ሁሉ እውነት ይመስላል። ለራሷ ግን አልመሰላትም፤ ጆሮዋ እስኪግል አፈረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦቦ ኢተፋ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ አንድ ኮምፒዩተር አንድ ሙሉ ክፍል በሚይዝበት ጊዜ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የተበሳ ካርድ ለማሽኑ ያበሉ ከነበሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ያኔ ማሽኑ የኛን ፊደል አያውቅም። የሰው ሁሉ ስም በፈረንጅ ፊደል ተጨማዶ ይወጣል፤ ሰው ደመወዙን ሊቀበል መጥቶ የገዛ ስሙ ሲጠራ አያውቀውም። ይህ ያንገበግባቸው ነበር። ትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ሲመጡ ፊደላቱን አንድ በአንድ በሒሳብ ደብተር ካሬ ላይ እየነጠቡ ለማተሚያው አስተማሩት። ማንም አላዘዛቸውም። ጡረታ ወጥተው ሰበታ አጠገብ ዓለም ገና ከገቡ በኋላ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈን የኦሮሞ ስም በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ ከተጻፈው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ሠሩ። ለትምህርት ቤት መዝገብ ብለው ነው፤ ልጁ አንዱ ወረቀት ላይ በአማርኛ፣ ሌላው ላይ በቁቤ እየተጻፈ ሁለት ሰው ሲሆን አይተው። ኮዱን ሳይደብቁ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ኦፕን ሶርስ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የፈለገ ወስዶ ይፍታው፣ የፈለገ ይገጣጥመው።

ከፋይሉ አናት ላይ ማሳሰቢያ ነበረው፦ «ይህን ፕሮግራም የሠራው ኢተፋ ሰርቤሳ ነው። ውሰዱት፤ ለውጡት፤ ብትፈልጉም ሽጡት። ስሜን ብቻ አትፋቁ። የለወጣችሁትንም ‹እኛ ለወጥነው› በሉ።»

በቃ ይህችው ናት። ሮዳስ ግን ፋቀቻት። በነፃ የተሰጣትን ሰረቀች! እንዲህ ያለ ሌባ ታይቶ ይታወቃል? በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት በመስኮት የገባች እኮ ናት።

ደግሞ ባዳ ብትሆን ምንም አይደል። አባቷ ዱባለ ከሆሳዕና መጥቶ ሰበታ ፋብሪካ ጥበቃ ሲቀጠር የተከራየው ኦቦ ኢተፋ ግቢ ነበር። ሮዳስ ያደገችው በዚያ ግቢ ነው፤ ኦሮምኛ የተማረችው ከዳባ ጋር ኳስ እየተራገጠች ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ሽማግሌው አሮጌው ኮምፒዩተራቸው ፊት አስቀመጧትና፣ «በዓለም መጀመሪያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የጻፈችው ሴት ናት ይባላል። እንግሊዛዊት። ማሽኑ ገና ሳይሠራ ነው የጻፈችለት። ያንቺ ማሽን ተሠርቶ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል፤ ምን ቆርጦሽ ያቅትሻል?» አሏት። ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ አስተማሯት። ለዚህ ሁሉ ከዱባለ የተቀበሉት አንድ ነገር ቢኖር ምስጋና ነው።

ስሙን የፋቀችው በአንድ የምሳ ሰዓት ነው፤ ሰው በልቶ ሳይመለስ አልቋል። አለቃዋ ማቲ፣ ሰገነት የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ባለቤት፣ «ሮዲ፣ ደንበኛ በነፃ የሚገኝ ነገር መሆኑን ካየ እኛን ለምን ይገዛናል?» አላት። እሷም አልተከራከረችም። «አዘጋጅ፦ ሮዳስ ዱባለ» ብላ ጻፈችበት። በወሩ የቡድን መሪ ሆነች። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ፤ ለጊዜው ግን ያደምቃል፣ ችግሩ ይህ ነው።

ማቲ ቢሮ ገባችና የሆነውን ነገረችው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሲያናግሩት ወንበሩ ላይ ይሽከረከራል። መጀመሪያ ሳቀ።

«ሽማግሌው ፋብሪካ ድረስ ሄዱ? በዚህ ጊዜ? ወንድ ናቸው ባክሽ!»

«ማቲ፣ ልጁ ታስሯል። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ሩቅ ካምፕ ይወስዷቸዋል ይባላል። ከሄደ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።»

«እኛ ምን አገባን? እኛ ስም እናገናኛለን። የስሙን ባለቤት ምን እንደሚያደርጉት የነሱ ጉዳይ ነው።»

«ስህተቱ የኛ ነው። የኔ ነው። ስሙንም...»

«ስሙን ተይው እባክሽ! ትልልቆቹ የውጭ ካምፓኒዎች የሚሠሩት በምንድን ነው? ሰርቨሩ፣ ስልኩ፣ ብራውዘሩ፣ ሁሉም በነፃ በተለቀቀ ኮድ ላይ አይደል የቆመው? አንድ ተማሪ ፊንላንድ ቁጭ ብሎ በጻፈው ነገር ስንቱ ቢሊየነር ሆነ። እኛ ሰበታ ላይ ስንሠራበት ነው ኃጢአት የሚሆነው?» መሽከርከሩን አቆመ። «ስሚ፣ መኪና ውሰጂ። የአንዱን ልጅ ስም በእጅ አስተካክዪላቸውና ተመለሺ። በጽሑፍ ግን ምንም እንዳትሰጪ። ‹ሲስተሙ ይሳሳታል› የሚል አንድ ወረቀት ከወጣ ሌሎቹ ስድስት ፋብሪካዎች ነገ ውል ያፈርሳሉ። ተግባባን?»

«እሺ» አለች። «እሺ» ማለት ለምዶባታል።

ሾፌሩ ከማል ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገና አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ወትሮ አፉ አያርፍም ነበር። ኬላው ላይ ወታደሮች መታወቂያቸውን አዩ፤ የመኪናውን ኮፈን አስከፈቱ። ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና አጽሙ ብቻ ቆሟል። በኢሬቻ በዓል የሞቱት ሰዎች ሐዘን ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀረ ከተባለ ወራት ቢያልፉም የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ቁጣው አለ፣ ፍርሃቱ አለ። የተቃጠሉት ፋብሪካዎች እንደተዘጉ ናቸው፤ የተረፉት ደግሞ «ማን አቃጠለ? ቀጥሎ ማን ያቃጥላል?» እያሉ ሠራተኛቸውን በዝርዝር ያበጥራሉ። ከውጭ የሚመጣው የተፈላጊዎች ዝርዝር በቁቤ ነው፤ የፋብሪካው የሠራተኛ መዝገብ በአማርኛ። መሐል ላይ የሮዳስ ሶፍትዌር አለ። ባለፈው ሳምንት ፋብሪካው «አዲስ ዝርዝር እናስገባለን፣ እርዱን» ብሎ ሲደውል በስልክ የረዳችው ራሷ ናት። ዝርዝሩ የምን እንደሆነ አልጠየቀችም። መጠየቅ እየቻለች አልጠየቀችም።

«ሰው ታሞብሽ ነው?» አላት ከማል በመጨረሻ።

«አይ፣ ለሥራ ነው» አለችው።

ፋብሪካው በር ላይ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በአጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተራርቀው ነው የተቀመጡት፤ ወሬ ግን ከጥንድ ወደ ጥንድ ይሄዳል። ከመካከላቸው የዳባን ሚስት ቦሰናን አየቻት። ልጇን አዝላ ቆማለች። ቦሰና ሮዳስን ስታይ ፊቷ በራ።

«ሮዳስ! እግዜር ነው ያመጣሽ! ኦቦ ኢተፋ ‹ሮዳስ ከመጣች አለቀ› ብለውኛል። አንቺ ታስረጃቸዋለሽ አይደል?»

ሮዳስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። «ገብቼ ልያቸው» ብላ አልፋ ገባች።

ወይዘሮ የሺወርቅ ሃምሳዎቹን የያዙ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴት ናቸው። እንቅልፍ ካጡ ሰነባብተዋል፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል። ኦቦ ኢተፋ ከፊታቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሮዳስን ሲያዩ ሊነሱላት ሞከሩ።

«በእግዜር ኦቦ፣ ይቀመጡ! አካም ጅርቱ?»

«ፈያ፣ ኢንታላ ኮ፣ ፈያ። ልጄ መጣሽልኝ።» ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ይኸው፣ ነገርኳችሁ። እሷን ጠይቋት።»

«መጠየቅ አያስፈልግም» አሉ የሺወርቅ። ደግነትም ክፋትም አልነበረበትም አነጋገራቸው፤ ደክሟቸው ነበር። የኮምፒዩተሩን ፊት ወደ ሽማግሌው አዞሩት። «አባቴ፣ ይኸው ያንብቡ። ‹አዘጋጅ› ይላል። የእርስዎ ስም የታለ?»

ኦቦ ኢተፋ ከኪሳቸው መነፅር አውጥተው አደረጉ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። አነበቡ። ረጅም ጽሑፍ አይደለም፣ ሦስት ቃል ነው፤ እሳቸው ግን ብዙ ቆዩበት። ሮዳስ መስኮቱን አየች፣ ወለሉን አየች፣ የገዛ ጫማዋን አየች።

«የአባትሽንም ስም ጨምረሽ ጽፈሽዋል» አሉ በመጨረሻ። «ጥሩ ነው። ዱባለ ጥሩ ሰው ነበር።»

ቢሰድቧት ምን ነበረበት? ቢጮሁባት፣ ባርኔጣቸውን ቢወረውሩባት እኮ እሷም «ኦቦ፣ ይስሙኝ» ብላ የምትጀምርበት ነገር ታገኝ ነበር።

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ሰጧት። «ልጄ የገዛልኝ ነው። እስቲ ቅንብሩ ውስጥ ግቢ። ‹ስለ ስልኩ› የሚለውን ክፈቺው። ‹ሕጋዊ መረጃ› ይላል፣ አየሽው? አሁን ውረጂ። ውረጂ... አሁንም ውረጂ።»

በሺህ የሚቆጠር ስም ነው፤ በደቃቃ ጽሑፍ፣ ማለቂያ የለውም። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ «ቁሚ» አሏት። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ኢተፋ ሰርቤሳ የሚል ስም አለ።

«የፊደል ነጥቦቹን ከኔ ወስደዋል» አሉ። «ይህን ስልክ የሚሠሩት ከዓለም ትልልቆቹ ናቸው። አልከፈሉኝም፣ አልጠየቅኳቸውምም። ማንም ይህን አያነበውም። ወደውኝም አይደለም፤ ጠበቆቻቸው ፈርተው ነው። ያም ሆኖ አልፋቁትም። እነሱ እኮ አያውቁኝም፣ ኢንታላ ኮ። አንቺ ታውቂኛለሽ።»

«ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ...»

«ይህ ይቆይ። ስሜ አልታሰረም፤ የታሰረው ዳባ ነው። ጥያቄውን የት አደረግሽው? የኔ ፕሮግራም ጥያቄ ነበረው።»

«አጠፋሁት» አለች ሮዳስ። «አጠፋሁት ኦቦ።»

«የምን ጥያቄ?» አሉ የሺወርቅ።

ሮዳስ ማስረዳት ነበረባት፤ አስረዳችም። በኦሮምኛ ሁለት ድምፅ አለ። አንዱ ተራው ደ ነው። ሌላው ምላስን ወደ ላንቃ አጥፎ የሚወጣ ነው፤ በቁቤ ለብቻው ይጻፋል። ለሱ ተብሎ የተሠራ ፊደል በኛም አለ፤ ዸ ይባላል፣ የደ እህት ይመስላል፤ አብዛኛው ጸሐፊ ግን አያውቀውም። ስለዚህ በአማርኛ ሲጻፍ ዳባም ዳባ ነው፣ ዻባም ዳባ ነው። ኦቦ ኢተፋ ይህን ስለሚያውቁ ፕሮግራማቸው በአማርኛ መዝገብ ላይ የ‹ደ› ዘር ፊደል ባገኘ ቁጥር ይቆምና «አላውቅም፤ ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል። ሰገነት ሶፍትዌሩን ለመጀመሪያው ደንበኛ ባሳየበት ቀን አራት መቶ ጊዜ ቆመ። ማቲ በሰው ፊት፣ «ሶፍትዌር ነው ወይስ የቀበሌ ጸሐፊ?» ብሎ ሳቀ። ሮዳስ በማግስቱ ጥያቄውን አውጥታ ሁለቱን ድምፅ አንድ አደረገቻቸው። በምትኩ በአረንጓዴ ቀለም «መቶ በመቶ» የሚል ጻፈችበት። ኦሮምኛ ባትችል ኖሮ አላዋቂነት ነው በተባለ። እሷ ግን ዳባን ዕድሜ ልኳን በስሙ ስትጠራው ኖራለች።

የሺወርቅ ሽማግሌውን አዩ። «እስቲ ይበሉት።»

ኦቦ ኢተፋ ሁለቱንም ስም ጠሩ። አንዴ፣ ሁለቴ።

«ሁለቱም ዳባ ነው እኮ!»

«ለእርስዎ» አሉ ኦቦ ኢተፋ። «ለእናቱ አይደለም።»

የሺወርቅ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። የሚፈለገው ሰው በመናገሻ በኩል የሚኖር የጭነት መኪና ሾፌር እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የነሱ ዳባ ቶሎሳ የሽመና ማሽን ላይ ይሠራል፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም። የሁለቱም አባት ስም ግን አንድ ሆኖ አረፈው፤ ቶሎሳ በዚህ አገር ብርቅ ስም አይደለም።

«እኔስ መች ጠፋኝ?» አሉ ሴትዮዋ በድንገት። «ጎረቤታችን ያለው ፋብሪካ በተቃጠለበት ቀን ዳባ እዚሁ ማሽኑ ላይ ነበር። ሰዓት ፈርሟል፣ አይቻለሁ።»

«ታዲያ እያወቁ?» አለች ሮዳስ።

«አንቺ ነሻ የምትጠይቂኝ?» ዓይናቸው ላይ የነበረው ድካም ለአፍታ ጠፋ። «መቶ በመቶ የሚል ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠሽ፣ ‹አይ፣ እኔ ግን አይመስለኝም› ልበል? በዚህ ጊዜ? ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው? ‹ይመስለኛል› የሚል ነገር ቢጽፍልኝ እኔም ይመስለኛል ባልኩ ነበር! እኔም ልጆች አሉኝ እናቴ።»

እውነታቸውን ነው። ጥፋቱን የሠራችው እሷ፣ የተሸከሙት ግን ሁሉም።

የሺወርቅ ስልኩን አነሱ። ዳባ ወደታሰረበት ጣቢያ ደወሉ፤ ጥቂት ቃላት ተናገሩ፤ «የቴክኒክ ስህተት ነው» አሉ፤ «አዎ፣ አንድ ብቻ» አሉ፤ አመሰገኑና ዘጉ።

«ዳባ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። መታወቂያውን ይዛችሁ ሂዱና ተቀበሉት። ወረቀት የለም፣ ምንም የለም። እኔም አላየኋችሁም።»

ኦቦ ኢተፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው በመነፅሩ ሥር ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«ሌሎቹስ?» አለች ሮዳስ። «በሲስተሙ የተያዙት ስንት ናቸው?»

«ሠላሳ አራት።»

«ስማቸው ውስጥ ደ ያለባቸውን ልያቸው? ሁሉም...»

«ሌሎቹን አትንኪብኝ» አሉ የሺወርቅ። «አንድ ሲሆን የቴክኒክ ስህተት ነው። አሥር ሲሆን ግን ማን ነው የተሳሳተው ይባላል። ያኔ በድርጅታችሁ ማኅተም፣ ወይም በሠራው ሰው ፊርማ፣ ስም በስም የተጻፈ ያስፈልገኛል። ማኅተም ይዘሻል?»

ሮዳስ ወደ ኦቦ ኢተፋ ዞረች። አንድ ነገር ይላሉ ብላ ጠበቀች፤ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር አይጠፋቸውም ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ሁለት ጊዜ አገላበጡ።

«እኔ የመጣሁት ለዳባ ነው» አሉ፤ ወደ ማንም ሳያዩ። «ዳባን ይዤ ልሂድ።»

እሳቸውም አፈሩ። ሮዳስ አየችው፤ አንድ ሰው ደግሞ በሷ ምክንያት አንገቱን ደፋ።

ሲወጡ ቦሰና እየሮጠች መጣች። ኦቦ ኢተፋ በጆሮዋ ነገሯት። «እልል» ልትል አፏን ከፍታ በመሐል መለሰችው፤ በአጥሩ ሥር የተቀመጡትን ሴቶች አስታውሳ ነው። የሮዳስን እጅ ይዛ ሳመቻት፤ «ገለቶሚ፣ ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ!» አለቻት። ሮዳስ እጇን ልትነጥቃት ፈለገች። የምትስመው እጅ ምን እንዳደረገ ብታውቅ ኖሮ! ሽማግሌው ግን ለቦሰና አልነገሯትም፤ ክንዷን ይዘው ወደ አንድ ባጃጅ ወሰዷት። ለሮዳስ «ደህና ዋይ» አሏት እንጂ፣ እንደ ወትሮው «ቅዳሜ ነይ» አላሏትም።

ከማል ሞተሩን አስነስቶ በሩን ከፈተላት። «ማቲ ሦስት ጊዜ ደወለ። ‹አለቀ?› ይላል። ምን ልበለው?»

አልቆ ነበር። ማቲ ያዘዛት ሁሉ ተፈጽሟል፤ አንዱ ስም ተስተካክሏል፣ ወረቀት አልተጻፈም። ገብታ መቀመጥ ብቻ ነበር የቀራት። አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ አስገባች።

ከአጥሩ ሥር አንዲት ሴት ተነሥታ መጣች። የሮዳስን እናት ታክላለች። በእጇ በላስቲክ የተለበጠ የሠራተኛ መታወቂያ ይዛለች።

«ልጄ፣ ከውስጥ ነው የመጣሽ? የቦሰና ባል ሊወጣ ነው አሉ፤ እሰየው፤ ደስ ብሎናል። የኔን ልጅ ስም አላየሽልኝም? ምናልባት በሱም ተሳስተው ከሆነ...»

መታወቂያው ላይ በአማርኛ «ደራራ» ይላል። እናቱ የሞተችበትም ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳሉ እንደሚባለው፣ ከሠላሳ ሦስቱ ማን በስህተት፣ ማን በእውነት እንደተያዘ ማንም አይቶ ሊለይ አይችልም። ሮዳስም አትችልም። በመጥራት ብቻ ነው የሚለየው፤ ጠሪዎቹም ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል። አውቶቡሱ የሚነሳው ነገ ነው። እግሯን ከመኪናው አወጣች።

«ከማል፣ የጉዞ መመዝገቢያ ደብተርህን ስጠኝ። እስክሪብቶህንም።»

«ማቲንስ?»

«ገና ነው በለው።»

ወደ ሴቶቹ ሄደች። ዘበኛው ከበሩ ሆኖ፣ «እህት፣ አትሰብስቢያቸው፤ ክልክል ነው» አላት። «አልሰበስባቸውም፤ እኔ እየዞርኩ ነው የማነጋግራቸው» አለችው። ከመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ፊት ቁጢጥ አለች። ባለመታወቂያዋም ተከትላት መጣች።

«ስሞቹን ያገጣጠመው ማሽን ተሳስቷል» አለች በኦሮምኛ። «የተሳሳተው ደግሞ እኔ ስላበላሸሁት ነው። የሠሩት ሰው ‹ጠይቁ› ብለው ነበር፤ ጥያቄውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን የልጆቻችሁን ስም ጥሩልኝ። ቤት ስትጠሯቸው እንደምትጠሯቸው፤ እንደዚያው። እኔ ጽፌ አስገባለሁ።»

ባለመታወቂያዋ ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ቦርሳዋን፣ ጫማዋን፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የድርጅቱን ባጅ።

«አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ልጄን ያሳሰርሽው አንቺ ነሽ?»

ሮዳስ «ሲስተሙ» ልትል ቃሉ አፏ ላይ መጣ። ዋጠችው። «ላይሆን ይችላል፤ ሊሆንም ይችላል» አለች። «ስሙን ካልጠሩልኝ አላውቅም።»

አንዷ ከወዲያ ሆና ተራገመች፤ ሌላዋ «ተይ፣ ትጻፍልን» አለቻት። ከዚያ ባለመታወቂያዋ ዝቅ አለችና ከሮዳስ ፊት አፈሩ ላይ ተቀመጠች። በጣቷ የወረቀቱን አናት ነካች።

«መጀመሪያ የራስሽን ጻፊ» አለች። «ነገ ማን ጻፈው ሲሉን ማንን እንበል?»

ሮዳስ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። የፕሮግራሙን ባለቤት ስም ጻፈች፤ ከሥሩም «ያበላሸሁት እኔ፣ ሮዳስ ዱባለ» ብላ ጽፋ ፈረመችበት፣ ስልክ ቁጥሯንም አስቀመጠች። ለሴትዮዋ አነበበችላት። ሴትዮዋ ፊርማውን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ የልጇን ስም፣ ከግቢ ወደ ሜዳ እንደሚጣራ ሰው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችው።